የነሐሴ ዩኒፎርም፦ በአንድ ዙር ስንት እንስፋ? ማንን እናስቀድም? ማንን የት እናስቀምጥ?

ዩኒፎርም ለሚሰፋ ሰው ዓመት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጳጉሜን ደግሞ ለዘገየ ሰው የተሰጠች ምሕረት ናት። በነዚያ ሳምንታት ስልክ አያርፍም። አንዱ ትምህርት ቤት «የኛስ የት ደረሰ?» ይላል። ሌላው «አዲስ ተማሪዎች መዝግበናል፣ ሃምሳ ሱሪ ጨምሩልን» ይላል። ጨርቅ አቅራቢው ሰማያዊው አልቋል ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

እኔ በአንድ መካከለኛ ስፌት ቤት ውስጥ የምርት ዕቅድ አወጣ ነበር። ዕቅድ አውጪ ማለት ሁሉም የሚነጫነጭበት ሰው ማለት ነው። ጥያቄዎቹ ሁሌም ሦስት ነበሩ። በአንድ ዙር ስንት እንስፋ? የማንን ትዕዛዝ እናስቀድም? ማንን የትኛው ማሽን ላይ እናስቀምጥ? በትምህርት እነዚህ ሎት ሳይዚንግ፣ ስኬጁሊንግ እና ላይን ባላንሲንግ እየተባሉ በየራሳቸው ምዕራፍ ይሰጣሉ። ሥራ ቦታ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ጠዋት ተያይዘው ይመጣሉ። አንዱን ስትነኩ ሌላው ይንቀሳቀሳል።

ሐዋሳ ወይም ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ፋብሪካ አንድ ሞዴል ይዞ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሌላውን ነው። ሃያ ሠላሳ ማሽን ይዞ ለአሥር ትምህርት ቤት በአሥር ቀለም የሚሰፋውን።

በአንድ ዙር ስንት?

ከአንድ ሞዴል ወደ ሌላ ስትቀይሩ የሚጠፋ ነገር አለ። ክር ይቀየራል፣ ማሽን ይስተካከላል፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ልብሶች ይበላሻሉ፣ የኦፕሬተሯ እጅ እስኪለምድ ሥራው ይጎተታል። ይህን የመቀየሪያ ወጪ እንበለው። በሌላ በኩል፣ ቀድሞ የተሰፋ ልብስ ገንዘባችሁን ይዞ ነው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው። ይህ የማቆያ ወጪ ነው። ስንት እንስፋ የሚለው ጥያቄ በሁለቱ መካከል ያለ ጉተታ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰማያዊ ሱሪ በስድስት ሳምንት ውስጥ በተከታታይ 80፣ 120፣ 40፣ 300፣ 60 እና 50 ይፈለጋል እንበል። አንድ ጊዜ ወደዚህ ሱሪ ለመቀየር 600 ብር ይጠፋል። ሳምንት አልፎ መደርደሪያ ላይ ለሚያድር ለእያንዳንዱ ሱሪ ደግሞ 2 ብር ይታሰባል።

የመጀመሪያው ምርጫ ለየሳምንቱ የተፈለገውን ያህል ብቻ መስፋት ነው። መጋዘን ባዶ ይሆናል፣ ገንዘብ አይታሰርም። ነገር ግን ስድስት ጊዜ ትቀይራላችሁ። 3,600 ብር።

ሁለተኛው ታዋቂው ቀመር ነው፣ ኢኦኪው የሚባለው፤ የመቀየሪያና የማቆያ ወጪ ተደምረው ከሁሉም የሚያንሱበትን የአንድ ዙር መጠን ይሰጣል። ያወጣው ፎርድ ዊትማን ሀሪስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1913። (ከመኪናው ፎርድ ጋር አታምታቱት፣ ይሄኛው መጠሪያ ስሙ ነው። የመኪናው ፎርድ ግን በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ሠርቷል፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።) አማካዩን የሳምንት ፍላጎት በመቀየሪያ ወጪ ታባዙታላችሁ፣ እንደገና በ2፣ ከዚያ ለማቆያ ወጪ ታካፍሉና ስኩዌር ሩት ትወስዳላችሁ። ለኛ ሱሪ 255 ይወጣል። መጀመሪያ ሳምንት 255 ሰፋን። አራተኛው ሳምንት ላይ 300 ሲፈለግ እጃችን ላይ የቀረው 15 ብቻ ነው። አንድ ዙር አይበቃም፣ ሁለት ዙር በአንድ መቀየሪያ አንድ ላይ እንሰፋለን። ወጪው ተደምሮ 2,700 ብር ነው፣ በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻም 115 ሱሪ ይተርፋል።

ያ ትርፍ ነው የሚያሳምመው። እኔ በቀመሩ ተማምኜ ሹራብ አሰፍቼ አውቃለሁ። ትምህርት ቤቱ በመሐል ዓርማውን ቀየረ። የተረፈው ሹራብ ለማንም አይሸጥም፣ ደረቱ ላይ የድሮው ዓርማ ተጠልፎበታል። ቀመሩ ፍላጎቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ይሄዳል ብሎ ነው የሚነሳው። ዩኒፎርም ደግሞ እንደዚያ አይደለም።

በዚህ ምክንያት ቀመሩን አትጣሉት። በቋሚነት ለሚያልቅ ነገር ግሩም ነው። ክር፣ መርፌ፣ ቁልፍ፣ ነጭ ሸሚዝ። አንድ ደግነትም አለው፦ ብትሳሳቱ አይቀጣችሁም። ከትክክለኛው መጠን 20 በመቶ አብልጣችሁ ብታዙ ወጪው የሚጨምረው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 255 ያለውን 250 አድርጉትና ተገላገሉ።

ሦስተኛው ምርጫ ኤድዋርድ ሲልቨር እና ሀርላን ሚል እ.ኤ.አ. በ1973 ያቀረቡት ዘዴ ነው። በእርሳስና ወረቀት ይሠራል። የአንድ ሳምንት ብቻ ብሰፋ በሳምንት ስንት ያስወጣኛል? 600። የሁለት ሳምንቱን አንድ ላይ ብሰፋስ? 420። የሦስቱን? 333። የአራቱን? ያቺ 300 ሱሪ ሦስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ ስለምትተኛ ወደ 700 ይዘላል። ዋጋው መውጣት ሲጀምር ታቆማላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የሦስት ሳምንቱን 240 ሱሪ ትሰፋላችሁ፣ ከአራተኛው ሳምንት ጀምራችሁ እንደገና ትቆጥራላችሁ። ቀሪው 410 በአንድ ዙር ይወጣል። ጠቅላላ 1,920 ብር፣ ትርፍ ሱሪ የለም።

አራተኛው የዋግነርና የዊቲን ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1958። ፍላጎቱ የታወቀ እስከሆነ ድረስ ከሁሉም የረከሰውን ዕቅድ በእርግጠኝነት ያገኛል። በእጅ ለመሥራት ግን አድካሚ ነው። በኛ ሱሪ ላይ ሞከርኩት፣ ያው 1,920 ወጣ። ሁልጊዜ እኩል አይወጡም፣ ግን ለስፌት ቤት የሲልቨርና የሚል ይበቃል ባይ ነኝ። የስድስተኛው ሳምንት ትዕዛዝ ራሱ በስልክ በሚቀየርበት አገር የመጨረሻዋን ብር ማሳደድ ልፋት ነው።

አሁን ያቺን 600 ብር እንንካት። የሚቀጥለው ሞዴል ክር ማሽኑ እየሠራ ሳለ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ፣ ናሙናው ቀድሞ ቢሰፋ፣ የተቆረጠው ጨርቅ አጠገብ ቢቀርብ፣ መቀየሪያው ወደ 100 ብር ወረደ እንበል። በየሳምንቱ መስፋት 600 ብር ብቻ ይሆናል። ከሁሉም የረከሰው ዕቅድ ደግሞ 580። ለ20 ብር ማን ይጨቃጨቃል? የትኛውን ቀመር ልምረጥ የሚለው ጥያቄ ራሱ ይጠፋል። ቶዮታ ውስጥ ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዮ ሺንጎ ያደረገው ይህንኑ ነው። የአንድ ትልቅ ፕሬስ (ብረት ተጭኖ የሚቀርጽ ማሽን) መቀየሪያ 4 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ወደ 3 ደቂቃ ወረደ። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው፦ ማሽን ሳይቆም ሊዘጋጅ የሚችለውን ሁሉ ማሽን ሳይቆም አዘጋጅ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ከቀመር በፊት የስልክ ሰዓት ይዛችሁ መቀየሪያውን ለኩ። ሲለካ ደግሞ የት እንደሚጠፋ እዩ። ማነቆ የሆነው የቁልፍ ቀዳዳ ማሽን ላይ ግማሽ ሰዓት ቢጠፋ፣ የጠፋው የመላው ቤት ግማሽ ሰዓት ነው። ቀኑን ግማሽ ሥራ ፈቶ የሚውል ማሽን ላይ ከሆነ ግን ኪሳራው ክርና ጥቂት ጨርቅ ነው። ሁለቱን በአንድ ዋጋ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው።

ማን ይቅደም?

እዚህ ላይ ሰው ቀመር አይፈልግም፣ «ቀድሞ የመጣ ይቀድማል» ይላል። ፍትሐዊ ይመስላል። አምስት ትምህርት ቤቶች አሉን እንበል፣ ሁሉም በአንድ ላይን፣ ማለትም በአንድ የማሽን ሰልፍ፣ የሚሰፉ። ሀ 4 ቀን ይፈጃል፣ በ6ኛው ቀን ይፈለጋል። ለ 7 ቀን፣ በ9ኛው። ሐ 2 ቀን፣ በ12ኛው። መ 5 ቀን፣ በ15ኛው። ሠ 3 ቀን፣ በ19ኛው። የመጡት ግን ለ፣ መ፣ ሀ፣ ሠ፣ ሐ ሆነው ነው።

በመጡበት ብንሄድ ሁለት ይዘገያሉ፦ ሀ በ10 ቀን፣ ሐ በ9 ቀን። አንድ ትዕዛዝ በአማካይ እስኪወጣ 15 ቀን ይፈጃል።

አጭሩን ብናስቀድም አማካዩ ወደ 10 ቀን ገደማ ይወርዳል። ይህ ደንብ አማካዩን በማሳጠር የሚበልጠው የለም። ገንዘብ ቶሎ ይገባል፣ ቤቱ ይተነፍሳል። ጣጣው ትልልቁ ትዕዛዝ ሁልጊዜ ከኋላ መገፋቱ ነው። እዚህም ለ 12 ቀን ይዘገያል፣ ሀ ደግሞ 3።

የመረከቢያ ቀኑ የቀረበውን ብናስቀድም አራት ትምህርት ቤቶች ይዘገያሉ። ግን የባሰው መዘግየት 3 ቀን ብቻ ነው። ትልቁን መዘግየት በማሳነስ ይህን የሚያሸንፍ ደንብ የለም።

አራተኛው የሙር ደንብ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1968። በመረከቢያ ቀን ትደረድራላችሁ። የሚዘገይ ሲገጥማችሁ፣ እስከዚያ ከተደረደሩት ውስጥ ረጅሙን አውጥታችሁ መጨረሻ ላይ ታደርጉታላችሁ። እዚህ የሚወጣው ለ ነው። አራቱ በቀናቸው ይደርሳሉ። ለ ብቻ 12 ቀን ይዘገያል።

የትኛው ይሻላል? ይህን ሒሳብ አይመልሰውም፣ ደንበኛው ነው የሚመልሰው። አራቱን እስከ ሦስት ቀን ማዘግየት ወይስ አንዱን አሥራ ሁለት ቀን? በመስከረም መጀመሪያ ሦስት ቀን ይቅርታ ይደረግለታል። አሥራ ሁለት ቀን ግን ወላጅ ሰልፍ ላይ ልጁ ብቻ የቤት ልብስ ለብሶ ሲያይ ነው የሚቆጠረው። እኔ ለትምህርት ቤት ሥራ የመረከቢያ ቀንን እመርጣለሁ። የሙርን የምመርጠው ውሉ ለዘገየ ሁሉ እኩል ቅጣት የሚያስከፍል ከሆነ፣ ወይም ለሚዘገየው ደንበኛ ዛሬውኑ ደውዬ «ግማሹን በቀኑ፣ ግማሹን በኋላ» ብዬ የምስማማ ከሆነ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ትዕዛዝን ለሁለት መክፈል ማለት ሁለት ጊዜ መቀየር ማለት ነው። መቀየሪያችሁ ግማሽ ቀን ከሆነ መክፈል የማይታሰብ ነው። ሃያ ደቂቃ ከሆነ ደግሞ ማንም አይከፋም።

ሌላም ጉተታ አለ፦ ቀለም። ሀ እና መ ሁለቱም ቡናማ ክር ከሆኑ አከታትሎ መስፋት ያጓጓል። ኦፕሬተሮቹ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ ሳይነገራቸውም ያደርጉታል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ በመረከቢያ ቀን እደረድራለሁ፣ ከዚያ ጎረቤታሞችን ብቻ ለቀለም ብዬ አቀያይራለሁ። አንድ ቀለም ተከትሎ ዝርዝሩን ሙሉ የሚያምስ ሱፐርቫይዘር ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይያዛል።

ቆረጣና ስፌት ሁለቱም የተጨናነቁ ከሆነ ደግሞ የጆንሰን ደንብ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1954። ከሁሉም ያነሰውን ጊዜ ፈልጉ። ያ ጊዜ የቆረጣ ከሆነ ትዕዛዙ ከፊት ይግባ፣ የስፌት ከሆነ ከኋላ። ቀሪውን እንዲሁ። ስፌቱ ጨርቅ ሲጠብቅ አይውልም። የመረከቢያ ቀን ግን አያውቅም፣ ስለዚህ ለብቻው አትመኑት።

ማንን የት?

ፎርድ እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ሻሲ መገጣጠም ከ12 ሰዓት ተኩል ተነስቶ በወራት ውስጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። ይህን ሁሉም ያወራል። የማይወራው በዚያው ዓመት የሠራተኛው ፍልሰት (እየለቀቀ በሌላ መተካቱ) 370 በመቶ መድረሱ ነው። ሰው አንድ ብሎን ቀኑን ሙሉ ማጥበቅ ሰለቸው። በ1914 ደመወዙ በቀን ወደ 5 ዶላር ከፍ ያለው በደግነት ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያው ምርጫ ሱሪውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው መስፋቱ ነው፣ የልብስ ሰፊ ዓይነት። ሚዛን፣ ማለትም ሥራውን በሰዎቹ መካከል እኩል ማካፈል፣ የሚባል ነገር አያስፈልግም። አንድ ሰው ቢቀር የሚጎድለው የሱ ሱሪ ብቻ ነው። ግን ሁሉም ሁሉን መቻል አለበት፣ ኦቨርሎኩ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን) ጋ ወረፋ ይፈጠራል። አራት አምስት ሰው ለሆነ ቤት ይህን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን አይሆንም።

ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራውን ትበትናላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8 ሰዓት ነው፣ 480 ደቂቃ። ሻይ፣ የተበጠሰ ክር፣ የተሰበረ መርፌ ስታነሱለት 420 ቢቀር ጥሩ ነው። ታርጌቱ 210 ሱሪ ከሆነ በየ2 ደቂቃው አንድ ሱሪ መውጣት አለበት። ይህ ታክት ይባላል።

የሱሪው ሥራ እንዲህ ነው እንበል፦ ኪስ ማዘጋጀት 1.2 ደቂቃ፣ ኪስ መግጠም 1.5፣ ዚፕ 1.8፣ ጎን 1.1፣ ውስጥ እግር 0.9፣ ወገብ 1.9፣ የቀበቶ ማስገቢያ ማዘጋጀት 0.8፣ የታች እጥፋት 0.7፣ ቁልፍና ቀዳዳ 0.9። ድምሩ 10.8። ለ2 ሲካፈል 5.4፣ ስለዚህ ቢያንስ ስድስት ሰው። ኪስና የቀበቶ ማስገቢያ ማዘጋጀቱን ለአንዷ ስጡ፣ ልክ 2.0። ጎንና ውስጥ እግር ኦቨርሎክ ላይ፣ 2.0። እጥፋትና ቁልፍ ለአንዱ፣ 1.6። ኪስ መግጠም፣ ዚፕና ወገብ ለየብቻ። ከተከፈለበት ጊዜ 90 በመቶው ሥራ ሆነ።

ለዚህ ድልደላ ዘዴዎች አሉ። ረጅሙን ሥራ ቀድሞ መመደብ አንዱ ነው። ሌላው ሄልጌሰንና በርኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጡት ነው፦ ከኋላው ብዙ ሥራ የሚጠብቀው ይቅደም ይላል። አሥር ሃያ ሥራ ላላት ሱሪ ልዩነታቸው ኢምንት ነው። ሥራዎቹን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትገፋፉት ትደርሱበታላችሁ። ዋናው ልዩነት ያለው ሰው ላይ ነው። ወረቀቱ 2.0 ያለውን አንዷ በ1.6 ትጨርሰዋለች፣ አዲሷ ልጅ ደግሞ 2.6 ይፈጅባታል። ላይኑ የሚሄደው በአዲሷ ልጅ ነው። 210 የነበረው ታርጌት 161 ላይ ይቆማል፣ ማንም ሳይሰንፍ።

ከሚዛኑ በኋላ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ እንዴት ይለፍ የሚለው ይመጣል። ባንድል የሚባለው በብዙ ስፌት ቤት የተለመደ ነው፣ ሃያ ሃያ ታስሮ ያልፋል። በስድስቱ ቦታ አንድ ባንድል ሲሠራ አንድ ሲጠብቅ 240 ሱሪ ላይኑ ላይ አለ። በየ2 ደቂቃው አንድ እየወጣ አንዲት ሱሪ ገብታ እስክትወጣ 480 ደቂቃ። የሚሠራባት 10.8 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሌላው ወረፋ ነው። ኪሱ ተገልብጦ ተገጥሞ ከሆነ መጨረሻ ላይ ሲታይ ብዙ ሱሪ ተበላሽቷል። አንድ በአንድ ቢያልፍና በየመሐሉ አንዲት ብቻ ብትጠብቅ ግን 12 ሱሪ ነው፣ 24 ደቂቃ። ስሕተቱ ወዲያው ይያዛል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አንድ በአንድ አያደርግም? አንድ ሰው ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ላይኑ ይቆማልና። ባንድል ከለላ ነው። መቅረት የበዛበት፣ መካኒክ ሩቅ የሆነበት ቤት ባንድሉን በአንዴ ቢጥል ይጎዳል። ከሃያ ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ አምስት ማውረዱ ይሻላል። እኛ አምስት ላይ ቆምን።

አንድ ሌላ ምርጫ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ። ቅብብል ልበለው። ማሽኑ ከሰው ይበልጣል፣ ሰው ቆሞ ይሠራል። እያንዳንዱ አንድ ሱሪ ይዞ ከማሽን ማሽን ይሄዳል። የመጨረሻው ሰው ሲጨርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ከኋላው ካለው ሰው ሱሪውን ይቀበላል፣ ያም ከራሱ ኋላ ካለው፣ እንዲህ እያለ እስከ መነሻው። ባርቶልዲና አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳዩት ነገር አለ፦ ሰዎቹ ከዘገምተኛው ወደ ፈጣኑ ከተደረደሩ ሚዛኑ በራሱ ይመጣል። ሰዓት የሚይዝ አያስፈልግም። አዲሷ ልጅ መነሻው ላይ ትቆማለች፣ አንድ ሰው ቢቀር የቀሩት ይጠጋጋሉ። ችግሩ እያንዳንዱ ሦስት አራት ሥራ መቻል አለበት፣ ቀኑን ሙሉ መቆምም አለ። ሞዴል ቶሎ ቶሎ ለሚቀይር፣ ሠራተኛ ለሚቀያየርበት ቤት ከሁሉም የሚሻል ይመስለኛል። ለመሞከር ደግሞ ግንቦት እንጂ ነሐሴ አይመረጥም።

ሰሌዳ፣ ኤክሴል ወይስ ሶፍትዌር?

የሲልቨርና የሚልን ስሌት ኤክሴል ላይ አስቀምጡት፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይኖራል። ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ትዕዛዝ ከመቶ ሲያልፍና የሥራ ደቂቃዎቻችሁ በትክክል ሲለኩ ነው። ያልተለካ ደቂቃ ካስገባችሁ የሚያወጣው ዕቅድ ሲያዩት ያምራል፣ እስከ ረፋድ አይቆይም። ለቅደም ተከተልና ለሰው ድልደላ እስካሁን ከነጭ ሰሌዳ የተሻለ አላገኘሁም። በየትዕዛዙ አንድ ካርድ፣ የካርዱ ጠርዝ በክሩ ቀለም የተቀባ፣ የመረከቢያ ቀኑ በትልቁ የተጻፈ። የኦፕሬተሮቹ ስም ከታች በማግኔት ይለጠፋል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰው ሲቀር ሱፐርቫይዘሯ ስሞቹን ታንቀሳቅሳለች፣ ሁሉም ያያል፣ ማሽን ይነሳል።